ኳሱን ተዉት፣ ሦስተኛዋን ተከላካይ እዩ፦ ከአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውሳኔ መማር

ቅርጫት ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ ድሪብል ይለማመዳል። ሹት ይለማመዳል። ውሳኔ የሚለማመድ ግን ብዙም አላየሁም። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እሁድ እሁድ ከሐበሻ ልጆች ጋር እንጫወታለን። እጃቸው የሚያምር፣ ሩጫቸው የሚያስቀና ልጆች አሉን። ግን ኳሱን ይዘው ወደ ቀለበቱ ሲገቡ ሦስት ሰው መሀል ተዘግተው ይቀራሉ፣ ኮርነር (የሜዳው ጥግ) ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመውን ጓደኛቸውን አያዩትም። ይሄ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። የት ማየት እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው ስለሌለ ነው።

እኔ ማየትን የተማርኩት ከአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ጨዋታዎች ነው። አሁን ደግሞ ነጥብ ጠባቂ (ፖይንት ጋርድ፣ ኳሱን ይዛ ጥቃቱን የምትመራ) ሆና ለምትጫወተው የ14 ዓመት የእህቴ ልጅ በዚሁ መንገድ እያስተማርኳት ነው። የምንሠራበትን አካሄድ እንዳለ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፦ ለምን የሴቶች ኮሌጅ?

ኤንቢኤ ላይ ጥቃቱ ሲበላሽ አንድ ሰው ከሁሉም በላይ ዘሎ ይደፍቀዋል፣ ወይም ከ9 ሜትር ወርውሮ ያገባዋል። ደስ ይላል፤ ግን እኔና እናንተ ያንን መኮረጅ አንችልም። ሴቶቹ ጋር ነጥብ የሚመጣው በአብዛኛው በስክሪን (ቆሞ የጓደኛን ተከላካይ መንገድ በመዝጋት)፣ በቅብብልና በቦታ አያያዝ ነው። ስለዚህ ጥሩው ውሳኔም ስህተቱም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሌላ ትልቅ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ለምትጫወቱ ሕጉ ከኤንቢኤው ይልቅ ለእናንተ ይቀርባል። አገር ቤት የሚሠራበት የፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ 10 ደቂቃ ያላቸው አራት ክፍሎች አሉት፤ የሴቶች ኮሌጅም ከ2015-16 የውድድር ዘመን ጀምሮ እንዲሁ ነው (የወንዶቹ ኮሌጅ አሁንም ሁለት የ20 ደቂቃ አጋማሽ ነው)። የሦስት ነጥብ መስመሩ በሁለቱም 6.75 ሜትር ነው። በአንድ ክፍል አምስተኛው የቡድን ፋውል ሁለት ነጻ ውርወራ ያሰጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤንቢኤ ውስጥ ተከላካይ ሰው ሳይይዝ ቀለበቱ ሥር ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም፤ ኮሌጅና ፊባ ላይ ይሄ ክልከላ የለም። ረጅሟ ልጅ ፔይንት (ቀለበቱ ሥር ያለው አራት ማዕዘን) ውስጥ እንደ በር ጠባቂ ቆማ ብትውል ማንም አይናገራትም። ሜዳችሁ ላይ የሚገጥማችሁም ይሄው ነው። ትልቁ ልዩነት ሰዓቱ ነው፤ ኮሌጅ ለአንድ ጥቃት 30 ሰከንድ ይሰጣል፣ ፊባ 24።

አንድ ጨዋታ ምረጡ፣ እሱኑ ደጋግማችሁ እዩ

ሃይላይት አይሆንም። ሃይላይት የገባውን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ እኛ የምንፈልገው ከመግባቱ በፊት የሆነውን ነው። ሙሉ ጨዋታ ፈልጉ። ዩቲዩብ ላይ የድሮ ጨዋታዎች ሙሉውን ይገኛሉ። ውጤቱን የምታውቁት ቢሆን እንዲያውም ይሻላል፤ ማን አሸነፈ ብሎ ልብ አይንጠለጠልም፣ ዓይናችሁ ለሥራው ነጻ ይሆናል።

እኔ ከእነዚህ የዩኒቨርሲቲዎች አገር አቀፍ ሻምፒዮና ጨዋታዎች ጀምሩ እላለሁ። የ2023 ግማሽ ፍጻሜ፣ አይዋ ሳውዝ ካሮላይናን 77 ለ 73 ያሸነፈችበት። የ2024 ግማሽ ፍጻሜ፣ አይዋ ዩኮንን (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲን) 71 ለ 69። የ2024 ፍጻሜ፣ ሳውዝ ካሮላይና አይዋን 87 ለ 75። የ2025 ፍጻሜ፣ ዩኮን ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ 59። አራቱ ጨዋታዎች የተያያዙ ናቸው፤ ያው ቡድኖች፣ ያው አሰልጣኞች፣ በየዓመቱ አንዱ የሌላውን መልስ ሲፈልግ ታያላችሁ። ፍጻሜውን በቀጥታ ማየት ለምትፈልጉ ደግሞ፣ የ2024ቱም የ2025ቱም በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው የተጀመሩት፤ ያ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሌሊት መነሳት እንኳ አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች፦ ማን ማንን ይዟል?

ቪዲዮውን ሳታቆሙ ሦስት ደቂቃ እዩ። ነጥቡን እርሱት። የምትፈልጉት ይሄን ብቻ ነው፦ ተከላካዮቹ ሰው ነው የያዙት ወይስ ዞን ነው? ማወቂያው ቀላል ነው። አንዷ አጥቂ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሮጣ ስትሻገር ተከላካይዋ አብራት ከሮጠች ሰው ለሰው ነው። ለሚቀጥለው ሰው አስረክባት ከቆመች ዞን ነው። ከዚያ ረጅሟ የት ነው የምትቆመው? ከሹት አስቆጣሪዋ ጋር የተመደበችው ማን ናት? እና ዋናው፣ ማንን ነው ችላ ያሉት? ሁልጊዜ ችላ የተባለች አንዲት ልጅ አለች። እሷን ካገኛችሁ የቡድኑን ሙሉ ዕቅድ ግማሹን አገኛችሁ ማለት ነው።

አቁሙና ገምቱ

የትምህርቱ እምብርት እዚህ ነው። ኳስ የያዘችው ልጅ ከስክሪን ስትወጣ፣ ወይም ሰው አልፋ ወደ ውስጥ መግባት ስትጀምር፣ ቪዲዮውን አቁሙት። ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ "አሁን ለእከሊት ትሰጣለች።" ከዚያ ልቀቁት። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ አውርዱት፤ ቪዲዮው ቆሞ እያለ ደግሞ የእንግሊዝኛው የኮማና የነጥብ ቁልፎች በአንድ አንድ ምስል ወደ ኋላና ወደ ፊት ያንቀሳቅሱታል።

የእህቴን ልጅ ያስጀመርኳት በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ነው፤ ሳብሪና ዮኔስኩና ሩቲ ሄባርድ በነበሩበት ዘመን። ሳብሪና በኮሌጅ ቆይታዋ 26 ጊዜ ትሪፕል ደብል (በአንድ ጨዋታ በሦስት ዘርፍ፣ ለምሳሌ በነጥብ፣ በሪባውንድና በአሲስት፣ 10 ወይም ከዚያ በላይ) ሠርታለች። ሄባርድ ደግሞ በ2018 በተከታታይ 33 ኳስ ሳትስት አስገብታ ሪከርድ ይዛለች። ሁለቱ ፒክ ኤንድ ሮል (አንዷ ለኳስ ያዧ ስክሪን ሠርታ ወደ ቀለበቱ የምትዞርበትን ጥምረት) ሲሠሩ መማሪያ መጽሐፍ ናቸው። ሳብሪና ከስክሪኑ ወጣች፣ ሄባርድ ወደ ቀለበቱ ዞረች፣ አቆምኩት።

"ለሄባርድ" አለች ወዲያው።

"ለምን?"

"ጋሼ፣ ወደ ቀለበት እየሮጠች ነዋ!"

ጣቴን ቪዲዮው ላይ አድርጌ በግራ በኩል ኮርነሩን መያዝ የነበረባትን ተከላካይ አሳየኋት። የት ነው የቆመችው? ሁለት እግሯ ፔይንት ውስጥ ነው፣ ደረቷ ወደ ሄባርድ ዞሯል። ኮርነሩ ላይ ያለችው አጥቂ ብቻዋን ናት። ልጅቷ ዝም ብላ አየችና "አአ… ኮርነር" አለች። ለቀቅኩት። ኳሱ ኮርነር ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ኳሱን ማየት ትታለች ማለት ይቻላል። ሳቆመው መጀመሪያ የምትፈልገው የዚያችን የሦስተኛዋን ተከላካይ እግር ነው።

ሦስተኛዋ ተከላካይ

ፒክ ኤንድ ሮል ላይ ሁሉም ሰው የሚያየው አራት ሰው ነው፦ ኳስ የያዘችውን፣ ስክሪን የምትሠራውን፣ እና ሁለቱን ተከላካዮቻቸውን። ውሳኔውን የምትወስነው ግን እዚያ የሌለችው ናት። ከኳሱ ራቅ ባለው ጎን ያለችው ረዳት። ወደ ውስጥ ከገባች ኮርነሩ ተከፈተ። ካልገባች ወደ ቀለበት የምትዞረው ልጅ ተከፈተች። መሀል ሰፋሪ ሆና፣ አንድ እግሯን ውስጥ አንዱን ውጪ አድርጋ ከቆመች፣ ጥሩ ነጥብ ጠባቂ በዓይኗ ወይም በኳሱ ወደ አንዱ አቅጣጫ ታታልላትና ወደ ሌላው ትሰጣለች። ያንን ማታለል ስታገኙት ሦስት አራት ጊዜ መልሳችሁ እዩት፤ ብዙውን ጊዜ ትከሻ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ሁለቱ ተከላካዮች የሚያደርጉትም መታወቅ አለበት፣ ግን ይሄ ቶሎ ይለመዳል። ረጅሟ ወደ ኋላ ቀርታ ፔይንቱን ከጠበቀች፣ ኳስ የያዘችው ከመካከለኛ ርቀት ክፍት ሹት ታገኛለች። ሁለቱ ሰው ከተለዋወጡ፣ የሆነ ቦታ አጭር ልጅ ረጅም ልጅ ላይ ቀርታለችና ኳሱ ወደዚያ መሄድ አለበት። ሁለቱም ኳሱ ላይ ከዘመቱ ግን በጣም እዩት፤ ያ የጨዋታው ውብ ክፍል ነው። የአይዋዋ ኮከብ ኬትሊን ክላርክ ላይ በተደጋጋሚ የሚደረገው ይሄ ነበር። ሁለት ሰው እሷ ላይ ሲወጣ ስክሪን የሠራችው ልጅ መሀል ላይ፣ ከነጻ ውርወራው መስመር አካባቢ፣ ኳስ ትቀበላለች። ከዚያ አራት አጥቂ ለሦስት ተከላካይ ነው። ሁለተኛው ውሳኔ የእሷ ነው፣ የክላርክ አይደለም። እነዚያን ጥቃቶች ስታዩ ዓይናችሁን ከክላርክ አንሱና ኳሱን የተቀበለችው ልጅ ላይ አድርጉ። ቆማ ድሪብል ካደረገች ተከላካዮቹ ይመለሳሉ፣ ዕድሉ አለቀ። ኳሱ እጇ ሳይገባ ቀድማ አይታ ከነበረ በአንድ ንክኪ ወደ ቀለበቱ ወይም ወደ ኮርነር ትልከዋለች።

ሰፈር ሜዳ ላይ በብዛት የምናጣው ያንን ቀድሞ ማየትን ነው።

መከላከሉን ለብቻው እዩ፦ የ2023ቱ ግማሽ ፍጻሜ

ሳውዝ ካሮላይና ግማሽ ፍጻሜው ወደተደረገበት ዳላስ ስትገባ በዚያ ዓመት 36 ጨዋታ አሸንፋ አንድም አልተሸነፈችም፤ ካለፈው ዓመት ጋር ሲደመር 42 ተከታታይ ድል ነበራት። ውስጥ ለውስጥ ማንም አይችላትም ነበር። አይዋ ታዲያ ምን አደረገች? ከውጪ በደንብ የማይወረውሩትን ልጆች ትታ ተከላካዮቿን ፔይንት ውስጥ ሰበሰበች። አንድ ቦታ ላይ ክላርክ ራቅ ብላ ቆማ በእጇ "ተያት" ዓይነት ምልክት ስትሰጥ ይታያል። ሳውዝ ካሮላይና ከ20 የሦስት ነጥብ ሙከራ 4 ብቻ አስገባች። ክላርክ በሌላው ጫፍ 41 ነጥብ አስቆጠረች። አለቀ።

ግን ይሄን ጨዋታ ለመማር የምታዩ ከሆነ ዋጋውንም ቁጠሩ። ሁሉም ውስጥ ቢሰበሰብም ሳውዝ ካሮላይና ራሷ የሳተችውን 26 ኳስ በአጥቂ ሪባውንድ መልሳ አግኝታለች። ስለዚህ ዕቅዱ ነጻ አልነበረም፤ የአይዋ አሰልጣኝ ሊሳ ብሉደር የትኛውን ጉዳት እንደምትቀበል መርጣለች። መከላከል ማለት ይሄ ነው። ሁሉንም መዝጋት አይቻልም፤ የትኛውን ክፍት እንደምትተዉ ትመርጣላችሁ።

የቤት ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ፣ ሳውዝ ካሮላይና ስታጠቃ ብቻ፣ ችላ የተባለችው ልጅ ኳስ ስትይዝ ምን እንደምታደርግ ጻፉ። ወዲያው ወረወረች? አመነታች? ክፍቱን ቦታ ተጠቅማ ገባች? ወይስ ሮጣ ሄዳ ለሌላ ስክሪን ሠራች? የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስበውም። ተከላካይ ከሌለሽ፣ የምትሠሪውን ስክሪን የሚረዳ ተከላካይም በቅርብ የለም ማለት ነው፤ ጓደኛሽ ከስክሪኑ ጀርባ በነጻነት ትወረውራለች። ችላ መባል መሣሪያ ይሆናል።

መልስ የሚሰጠው ቡድን፦ የ2024 ፍጻሜ

በዓመቱ እንደገና ተገናኙ፣ ክሊቭላንድ ላይ። አይዋ 10 ለ 0 መርታ ጀመረች። ክላርክ በመጀመሪያው ክፍል ብቻ 18 ነጥብ አስቆጠረች። በቀሩት ሦስት ክፍሎች ስንት? 12።

ምን ተቀየረ የሚለውን ራሳችሁ ፈልጉት፤ እኔ ሁለት ቦታ ብቻ ልጠቁማችሁ። አንደኛው ከአጋማሹ ዕረፍት በፊት ያለው የመጨረሻ ቅጽበት ነው። ክላርክ መሀል ሜዳ አካባቢ ኳሱን ይዛ ሰዓቱን ስታቃጥል የሳውዝ ካሮላይናዋ ሬቨን ጆንሰን ከእጇ ነጥቃ ብቻዋን ሮጣ አገባች፤ ሳውዝ ካሮላይና 49 ለ 46 እየመራች ወጣች። በቀስታ እዩት። ጆንሰን ኳሱን አላሳደደችውም፤ ድሪብሉ ከመሬት የሚነሳበትን ቅጽበት ጠብቃ ነው እጇን የላከችው። ባለፈው ዓመት ከውጪ አትወረውርም ተብላ የተተወችው ልጅም እሷው ነበረች።

ሁለተኛው፣ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስተው የገቡት ልጆች ናቸው። ሳውዝ ካሮላይና ከተጠባባቂዎች 37 ነጥብ አገኘች፣ አይዋ ዜሮ። ሪባውንድ 51 ለ 29። የሳውዝ ካሮላይና አሰልጣኝ ዶን ስቴሊ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ተጫዋች እያፈራረቀች ስለቆየች አራተኛው ክፍል ላይ የሷ ልጆች እግር ገና ጉልበት አለው፣ የሌላው ደክሟል። የተከላካይ እግር ሲደክም መጀመሪያ የሚቀረው ወደ ውስጥ መርዳቱ ሳይሆን ረድቶ ወደ ሰውዋ መመለሱ ነው። ሦስተኛዋ ተከላካይ ትገባለች፣ ግን አትመለስም። በመጀመሪያው ክፍል ክሎዝ አውቱ (ወደ ወርዋሪዋ ሮጦ መመለሱ) በሦስት እርምጃ የሚደርስ ከነበረ በአራተኛው በሁለት እርምጃ ይቆማል። ይሄን ሁለቱን ክፍሎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች

እዚህ ሂሳብ ያስፈልጋል። ክፍሉ ሊያልቅ 40 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ኳስ ያለው ቡድን ለምን እንደሚቸኩል አስተውሉ። 38 ሰከንድ ሲቀር ከወረወረ፣ ሌላው ቡድን 30 ሰከንዱን ሙሉ ቢጠቀም እንኳ 8 ሰከንድ ይተርፈዋል። ሁለት ሙከራ ለአንድ። በፊባ 24 ሰከንድ ስለሆነ እናንተ ይህንን ከ32 ሰከንድ ጀምሮ አስቡት። ፋውልም እንደዚሁ ነው፤ በክፍሉ ሁለት ፋውል ብቻ ያለው ቡድን መጨረሻ ላይ ሆን ብሎ ነክቶ የሌላውን ጥቃት ሊያቋርጥ ይችላል፣ ነጻ ውርወራ አይሰጥበትም። ሳታውቁት ካያችሁት ጅል ፋውል ይመስላችኋል።

ከዚያ የ2024ቱን የአይዋና የዩኮን ግማሽ ፍጻሜ መጨረሻ ክፈቱት። ዩኮን በአንድ ነጥብ እየተመራች ኳሱ የሷ ነው። አራት ሰከንድ ገደማ ሲቀር የዩኮኗ ፔጅ ቤከርስ ኳስ ልትቀበል ስትሮጥ የቡድን ጓደኛዋ አሊያ ኤድዋርድስ ስክሪን ሠራች፤ የሚንቀሳቀስ ስክሪን ተብሎ ተነፋባት። ሰው ሁሉ ስለ ዳኝነቱ ተከራከረ፣ እስከ ዛሬም ይከራከራል። እኔ ለእህቴ ልጅ ያሳየኋት ሌላ ነገር ነው፤ የአይዋን ተከላካይ ጋቢ ማርሻልን። ስክሪኑ እንደሚመጣ አውቃ በጠባቡ ለማለፍ ታገለች፣ አልቆመችም። ተከላካይ ስክሪን ላይ ዝም ብላ ብትቆም ፉጨቱ አይኖርም ነበር። ስክሪን የምትሠሩ ደግሞ እግራችሁን ተክላችሁ ጠብቁ፤ ኳስ ተቀባይዋ ናት ወደ እናንተ ተጠግታ ማለፍ ያለባት።

ደብተሩና ሜዳው

በአንድ ቁጭታ ከ10 ጥቃት በላይ አትሥሩ። ዓይን ይደክማል፣ ከዚያ በኋላ ማየት ሳይሆን መቁጠር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ጥቃት አንድ መስመር ይበቃል፦ ሦስተኛዋ የት ነበረች፣ ኳሱ የት ሄደ፣ የኔ ግምት ምን ነበር። ኳሱ መግባት አለመግባቱን አትጻፉ። ትክክለኛ ውሳኔ ሆኖ ሹቱ ሊስት ይችላል፣ መጥፎ ውሳኔም በዕድል ይገባል። ይሄን ሁለቱን መለየት እስኪለመድ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከለመዳችሁ በኋላ ስትስቱ መደንገጥ ይቀንሳል።

በሳምንቱ መጨረሻ ሜዳ ስትወጡ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ውጡ። እኛ ሦስት ለሦስት እንጫወትና ድሪብል እንከለክላለን። ድሪብል ሲቀር ሰው ግዴታውን ቀና ብሎ ያያል። መጀመሪያ ላይ ትርምስምሱ ይወጣል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ኳሱ ሳይደርሳቸው ቀድመው ወደ ረዳቱ ተከላካይ ዞር የሚሉ ልጆች ታያላችሁ።

እዚሁ ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ቴሌቪዥን ብቻ አትዩ። ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው ኤክስፊኒቲ ሴንተር ቅርባችን ነው፤ አሰልጣኝ ብሬንዳ ፍሪስ የምትመራት ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የ2006 ሻምፒዮን፣ እዚያ ነው የምትጫወተው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለ ከጎን ሳይሆን ከቀለበቱ ጀርባ፣ ከፍ ካለው ረድፍ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ኳሱን ተከትሎ የሚቆርጠው ሩቁ ኮርነር ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ የሦስተኛዋ ተከላካይ እግርም ጭምር።